ከሕዝብ ቆጠራ ሌላ የቤተሰብ ታሪክ የት ተጽፎ ይገኛል? (ብቸና፣ ጎጃም)

የልጅ ልጅ ከጉለሌ፦

ጤና ይስጥልኝ። የአባቴ አባት ከብቸና አውራጃ ወደ አዲስ አበባ የመጣው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። የአባቱንና የአያቱን ስም እናውቃለን፤ እናቱን ግን በስም የሚያውቃት ሰው በቤተሰባችን የለም። አክስቴ የምታስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አያቴ «እናቴ የኅዳር በሽታ በገባ ጊዜ ሙሽራ ነበረች» ይል ነበር አሉ።

ከሕዝብ ቆጠራ ልጀምር ብዬ ነበር። የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን አያቴ ያረፈው በ1974 ነው። የ1987ቱም የ1999ኙም ቢሆኑ የታተመላቸው የተጠቃለለ ቁጥር እንጂ የሰው ስም አይደለም። የልደትና የሞት ምዝገባ ደግሞ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ነው። ታዲያ የእኔ ሰዎች የት ተጽፈው ይሆን?

በእጄ ያለው አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ውስጡ በክር የታሰሩ የግብር ደረሰኞች፣ ገበታው የተሰነጠቀ የብራና ዳዊት እና አያቴ የደንብ ልብስ ለብሶ የተነሣው ፎቶግራፍ አለ። ከየት ልጀምር?

የዕድር ጸሐፊ፦

እህቴ፣ ከዕድሩ ጀምሪ። የሰፈራችን ዕድር አሮጌ መዝገቦች እኔ ቤት ስለሆኑ በደንብ አውቃቸዋለሁ። አባል ሲመዘገብ የባለቤቱ፣ የልጆቹ፣ የእናቱና የአባቱ ስም አብሮ ይገባል፤ ያልተመዘገበ ሰው ቢሞትበት አይከፈለውም። ዘሩን ሲጠይቁት የሚዘነጋ ሰው እንኳ ክፍያ የሚያስቀርበት ሲሆን እናቱን አይዘነጋም። ከአገር ቤት መርዶ የመጣለት አባል ደግሞ ቀኑ፣ የሟች ስም፣ ዝምድናውና የተሰጠው ብር ይሰፍርለታል። የአያትሽ እናት የሞተችው አያትሽ ዕድር ከገባ በኋላ ከሆነ እዚያ የማትገኝበት ምክንያት የለም። ሰፈሩ በመልሶ ማልማት ተነሥቶ ከሆነ የገንዘብ ያዡን ልጆች አፈላልጊ፤ መዝገቡን ይዘውት ወደ ኮንዶሚኒየም የገቡ ብዙ ናቸው።

በቀብሩ ዕለት የተነበበውን የሕይወት ታሪክም ጠይቂ። የአንዱ ዘመድ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ታጥፎ ይገኛል። ብቻ በሙሉ ልብ አትመኚው፤ የመጀመሪያ ሚስት ከዚያ ወረቀት ላይ በቀላሉ ነው የምትጠፋው።

ጡረተኛው መዝገብ ቤት፦

ሕዝብ ቆጠራውን ተይው ልጄ። ጎጃም ውስጥ ዘር የሚቆጠረው መሬት ሲጠየቅ ነበር።

እኔ ጡረታ እስክወጣ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ነበር። ስለዚህ ርስት የሚጠይቅ ሰው መሬቱን ካቀናው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ትውልዱን ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት፤ የሚጠይቀው በእናቱ በኩል ከሆነ እናቱን፣ የእናቱን እናት እየጠራ። ቤተሰብሽ የዘነጋትን ሴት ዳኛ ፊት ቆሞ በስሟ የጠራት ሰው ሊኖር ይችላል።

መዝገቡ ከተገኘ ወደ ፍርዱ አትሩጪ። ፍርዱ «ረቷል፣ ተረቷል» ብሎ ያበቃል። የሚጠቅምሽ የምስክሮች ቃል ነው። የምስክሩ ስም፣ ዕድሜና መኖሪያ ይጻፍና «እገሌ እገሊትን ወለደ፣ እገሊት እገሌን ወለደች» እያለ ይወርዳል። ተከሳሹ በተራው «እሷ መካን ነበረች፤ ይኼኛው የመጣው ከሌላ ቤት ነው» ብሎ ይክዳል። ሁለቱንም ገልብጪ። ዋሽቶ የሚሟገት ሰው እንኳ የሚጠራው አገሬው የሚያውቀውን ስም ነው፤ አለዚያ ምስክር አያገኝም።

መዝገብ የሚወጣው በከሳሽና በተከሳሽ ስም ነው። «የቤተሰቤን ታሪክ ፈልጉልኝ» ብትዪ የሚሰማሽ የለም። የአያትሽን ወንድሞችና አጎቶች ስም ይዘሽ ሂጂ፤ አዲስ አበባ የገባው ሰው ዘብ ቆሞ ሲያድር የሚሟገተው አገር ቤት የቀረው ወንድሙ ነበር። በ1967 የገጠር መሬት ሲታወጅ የርስት ሙግት ስላበቃ ከዚያ ወዲህ ባለው ጊዜሽን አታጥፊ። ምስጥና ዝናብ ያልጎበኘው መዝገብ ጥቂት ነው፤ የወረዳው ከጠፋ ይግባኙን ደብረ ማርቆስ ጠይቂ።

እስከዚያው ደረሰኞቹን አውጥተሽ እዪ። የትምህርት ግብር የተጣለው በ1940፣ የጤና ግብር በ1951 ነው። አሥራት፣ ማለትም ከምርት ከአሥር አንድ የሚከፈለው ግብር፣ ደግሞ በ1960 በእርሻ ገቢ ግብር ተተክቷል። ቀኑ ቢደበዝዝ እንኳ በእነዚህ ትለዪዋለሽ። በማን ስም እንደተቆረጡም ንገሪን።

የልጅ ልጅ ከጉለሌ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባቴ። አብዛኞቹ ላይ አሥራትና ትምህርት አለ፣ ጤና የለም። ከ1940 እስከ 1951 ባለው ጊዜ የተቆረጡ ናቸው ማለት ነው። የገረመኝ ስሙ ነው፤ የአያቴም አይደለም፣ የአባቱም አይደለም። በዚህ ስም የሚጠራ ዘመድ አናውቅም። የሌላ ሰው ደረሰኝ አያቴ ሳጥን ውስጥ ምን ይሠራል?

ጡረተኛው መዝገብ ቤት፦

የሌላ ሰው ላይሆን ይችላል። በቃላድ (በመሬት መለኪያ ገመድ) ባልተለካ የርስት አገር ግብሩ ብዙ ጊዜ የሚገባው በቀደመው አባት ስም ነበር። ሰውየው ከሞተ ስንት ትውልድ አልፎ ልጆቹ አዋጥተው ይከፍላሉ፣ ደረሰኙም በእሱ ስም ይቆረጣል። እንደ እኔ ግምት ይህ ያቀናው አባት ወይም ከእሱ በታች ያለ አባት ነው። እንግዲህ ከላይ ይህ ስም አለሽ፣ ከታች የአያትሽ አያት። የጎደለው መካከሉ ነው። ብቸና ስትሄጂ መጀመሪያ የአያትሽን ስም አትጥሪ፤ ወጥቶ የቀረን ሰው ማን ያስታውሳል? የደረሰኙን ስም ጥሪና «የእሱ ርስት የቱ ጋ ነበር? እነማን ይካፈሉት ነበር?» በዪ።

ሙሽራዋን በተመለከተ፣ የኅዳር በሽታ የገባው በ1911 ነው፤ ዘመኑ ሉቃስ። ያን ጊዜ ልጃገረድ በአሥራ ሁለትም በአሥራ አምስትም ዓመቷ ትዳር ስለነበር ከ1896 እስከ 1899 ባለው ጊዜ ተወለደች ብለሽ ያዢ። ምስክር ሆና ቀርባ ከሆነ የተጻፈላትን ዕድሜ ከዚህ ጋር ታመሳክሪያለሽ።

ዲያቆኑ፦

ዳዊቱን ሁላችሁም ዘለላችሁት! የመዝሙሩ መጨረሻና ውዳሴ ማርያም አካባቢ «ገብርከ» (ወንድ አገልጋይህ) ወይም «አመትከ» (ሴት አገልጋይህ) ከሚለው ቀጥሎ ያለውን እዪ። የባለቤቱ የክርስትና ስም የሚገባው እዚያ ነው። መጽሐፉ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ አዲሱ ባለቤት የፊተኛውን ስም ፍቆ የራሱን ያስጽፋል። የተፋቀው በአልትራቫዮሌት መብራት ብዙ ጊዜ ይነበባል፤ የብር ኖት የሚፈተሽበት ትንሹ መብራት ይበቃል። ውኃም ሎሚም እንዳታስነኪው። አያትሽ በክርስትና ስሙ ማን ይባል እንደነበር አክስትሽን ጠይቂ፤ ፍትሐቱ የተደረገው በዚያ ስም ነው።

የአድባራት ወንጌሎችም ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታና ሽያጭ ከነምስክሮቹ ይጻፋል። በ1960ዎቹ አጋማሽ በማይክሮፊልም መነሣት ከጀመሩት የአገራችን ብራናዎች ብዙዎቹን ሚኒሶታ የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት በኢንተርኔት በነፃ ያሳያል። የደረሰኙን ስም እዚያም ፈልጊ።

የዕድር ጸሐፊ፦

ፎቶውም አይረሳ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዘበኛ ከነበረ የሕይወት ታሪክ ቅጽ ሞልቷል፤ የትውልድ ቦታና የቤተሰብ ስም አለበት። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደነበር ከቁልፉና ከባርኔጣው ምልክት ይለያል።

የልጅ ልጅ ከጉለሌ፦

ዲያቆን፣ አየሁት። ሦስት ቦታ ላይ «አመትከ» ይላል፤ የሴት ስም ነው። ከሥሩ ግን ብራናው ሻክሯል፣ ቀለሙም ከሌላው ይጠቁራል። የአያቴ እናት ናት ብዬ ልያዝ?

ዲያቆኑ፦

ገና ነው። ከሥሩ ፍቀት ካለ ሴትየዋ ቢያንስ የዳዊቱ ሁለተኛ ባለቤት ናት፤ ያስጻፈው ሌላ ሰው ነው። ገዝታውም፣ ወርሳውም ሊሆን ይችላል። ሦስቱንም ቦታ በመብራቱ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ «ከ» ፊት ያለው ፊደል «ር» ይሁን «ት» ከታች ከታየ የፊተኛው ባለቤት ወንድ ወይም ሴት መሆኑን እነግርሻለሁ። የሴትየዋን ስም ደግሞ ለብቻው ጽፈሽ ወደ ብቸና ይዘሽው ሂጂ።