ከስልክ ሱቅ ወደ ሶፍትዌር ሽያጭ፦ ጥሩ የሚከፍል ቦታ ለመቀጠር ምን ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ላለፉት ዓመታት በአንድ የስልክ ኩባንያ ሱቅ ውስጥ ስልክና የወር ጥቅል ስሸጥ ቆይቻለሁ፤ በየወሩ የሚሰጠንን የሽያጭ ግብም በአብዛኛው አልፋለሁ። አሁን ለድርጅቶች ሶፍትዌር ወደሚሸጡ ኩባንያዎች መሻገር እፈልጋለሁ። ይሁን እንጂ የኮምፒውተር ትምህርት የለኝም፤ አዲስ አበባ የተማርኩት ማኔጅመንት ነው። በሊንክዲን ላስገባኋቸው ማመልከቻዎች የረባ መልስ አላገኘሁም።

ልጠይቃችሁ የምፈልገው፣ የቴክኖሎጂ ዲግሪ ሳይኖረኝ የሚቀጥረኝ አለ ወይ? ማስታወቂያው ላይ «ኦ ቲ ኢ» ተብሎ የሚጻፈው ትልቅ ቁጥርስ በእርግጥ ኪስ የሚገባ ገንዘብ ነው? አንድ የሥልጠና ድርጅትም «አሁን አትከፍልም፤ ስትቀጠር ከደመወዝህ ይቆረጣል» የሚል ውል አቅርቦልኛል። ልፈርም?

መልስ 1፦ ከሬስተን

ወንድሜ፣ መልስ ያጡት የማይሆን ቦታ ስላመለከቱ ሊሆን ስለሚችል በቅድሚያ የሥራውን አደረጃጀት ላስረዳዎ። እዚህ አገር የሶፍትዌር ሽያጭ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ሠራተኞች የተከፈለ ነው። ሊገዙ የሚችሉ ድርጅቶችን እየፈለገ የሚደውለው፣ ኢሜይል የሚጽፈውና ቀጠሮ የሚያስይዘው ኤስ ዲ አር ወይም ቢ ዲ አር ይባላል፤ ቀጠሮውን ተረክቦ ምርቱን የሚያሳየው፣ ዋጋ የሚደራደረውና ውሉን የሚያስፈርመው ደግሞ አካውንት ኤግዚኪዩቲቭ ነው። ዋናው ገንዘብ ያለው ሁለተኛው ዘንድ ቢሆንም፣ ከሌላ ሙያ የሚመጣ ሰው በአብዛኛው የሚገባው በመጀመሪያው በኩል ነው፤ ከዚያ ለማደግ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት መሥራት የተለመደ ነው።

ኦ ቲ ኢ ማለት የተሰጠውን ኮታ (የሽያጭ ግብ) ሙሉ በሙሉ የመታ ሠራተኛ በዓመት የሚያገኘው የቋሚ ደመወዝና የኮሚሽን ድምር ነው። ለአካውንት ኤግዚኪዩቲቭ ክፍፍሉ ብዙ ጊዜ እኩል በእኩል ስለሆነ፣ 160,000 ዶላር የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ በእርግጠኝነት የሚከፈለው 80,000 ብቻ ሊሆን እንደሚችል አስበው ይነሡ። ለኤስ ዲ አር ቋሚው ድርሻ ከዚህ ከፍ ይላል። ኮታው ደግሞ በአብዛኛው የጠቅላላ ክፍያውን አራትና አምስት እጥፍ ያህል ነው፤ ያንን 160,000 ለማግኘት በዓመት ከ640,000 እስከ 800,000 ዶላር የሚያወጣ ውል ማስፈረም ያስፈልጋል ማለት ነው።

ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ የሚያዋጣው ጥያቄ «ባለፈው ዓመት ከቡድኑ ውስጥ ኮታውን የመቱት ምን ያህሉ ናቸው?» የሚለው ነው። ቀጥተኛ መልስ ካላገኙ ይጠንቀቁ። ሙሉ ኮታ ከመጫኑ በፊት ለአዲስ ሠራተኛ የሚሰጠው የመለማመጃ ጊዜ ስንት ወር እንደሆነ፣ እንዲሁም ደንበኛው ውሉን ቢያቋርጥ የተከፈለ ኮሚሽን ተመልሶ ይወሰድ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። በዋሽንግተን ዲሲ ከሰኔ 30 ቀን 2024፣ በሜሪላንድ ደግሞ ከጥቅምት 1 ቀን 2024 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ ቀጣሪው የደመወዙን መነሻና ጣሪያ በማስታወቂያው ላይ የመግለጽ ግዴታ አለበት፤ ይህን መጠየቅ እንደ ድፍረት አይታይብዎትም።

መልስ 2፦ ሠራተኛ በመመልመል ላይ ያለሁ

በሽያጭ ቡድን ኃላፊነቴ ለጀማሪ ቦታ የሚያመለክቱ ሰዎችን እፈትናለሁ። ዲግሪው ወሳኝ አይደለም፤ የጠያቂያችን የሱቅ ልምድ ግን በትክክል ከተጻፈ ትልቅ ነገር ነው። ሪዙሜው ላይ «ደንበኞችን በትሕትና አስተናግዳለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ካነበብኩ አልፈዋለሁ። «የወር ግቤ ይህን ያህል ነበር፤ በአማካይ ይህን ያህል ከመቶ አሳክቻለሁ፤ ከሱቁ ሠራተኞች ደረጃዬ ይህ ነበር» የሚል ከሆነ ግን ስልክ አነሣለሁ። እርስዎ ቁጥሩ በእጅዎ እያለ አለመጻፍዎ ያሳዝነኛል።

ብዙዎች የሚወድቁት በልምምድ ጥሪው ላይ ነው። ፈታኙ እንደ ደንበኛ ሆኖ «ደውልልኝ» ይላል፤ አመልካቹም ወዲያውኑ ስለ ሶፍትዌሩ ጥቅም ይዘረዝራል። የሚፈለገው ይህ አይደለም። ለምሳሌ ለሆቴሎች የሒሳብ ሶፍትዌር የሚሸጥ ኩባንያ ቢሆን፣ «በዚህ ዓመት አዲስ ቅርንጫፍ እንደከፈታችሁ አንብቤ ነው የደወልኩት፤ የቅርንጫፎቹን የወር ሒሳብ አሁን የምታጠቃልሉት እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅና ዝም ብሎ ማዳመጥ ይበልጣል። ከዚያ ፈታኙ ጥሪውን አስቁሞ አንድ እርማት ይሰጥና «እንደገና ሞክረው» ይላል። እኔ ከመጀመሪያው ሙከራ ይልቅ አጥብቄ የምመለከተው ሁለተኛውን ነው፤ እርማቱን ሰምቶ ወዲያው የተጠቀመበትን ሰው ማሠልጠን እንደሚቻል አውቃለሁና። ራሱን ለመከላከል ምክንያት የሚደረድረውን፣ አንደበቱ ምንም ያህል ቢጣፍጥ፣ አልወስደውም።

ኩባንያው አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ከሆነ ዓመታዊ ሪፖርቱን፣ ማለትም «ቴን ኬ» የሚባለውን፣ ከአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ድረ ገጽ በነፃ አውርደው ስለ ሥጋት የሚያትተውን ክፍል ያንብቡ። ኩባንያው ማንን እንደሚፈራና ገቢው ከየት እንደሚመጣ እዚያ ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ ይህን አንብቦ የሚመጣ አመልካች ጥቂት ነው።

መልስ 3፦ የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ

ስለ ውሉ የምለው፣ እባክዎ ሳያነቡት አይፈርሙ። ከደመወዝ በመቶኛ የሚቆረጥበት ውል ስሙ ምንም ቢሆን ዕዳ ነው፤ የፌዴራሉ የሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮም በ2021 እንዲህ ያሉ ውሎች የተማሪ ብድር እንደሆኑ አቋሙን አሳውቋል። መቶኛው ከቋሚው ደመወዝ ብቻ ይሁን ወይስ ከኮሚሽኑም ጭምር፣ ጣሪያው ስንት እንደሆነ፣ በሌላ ሙያ ቢቀጠሩም ይከፍሉ እንደሆነ ይመልከቱ። መነሻ ዕውቀቱን በነፃ ማግኘት ይቻላል፤ የሴልስፎርስ ትሬይልሄድና የሃብስፖት አካዳሚ የተባሉት የሶፍትዌር ኩባንያዎች የኢንተርኔት ትምህርቶች ያለ ክፍያ ያስተምራሉ። ሰርተፍኬቱ ብቻውን አያስቀጥርም፤ ነገር ግን የደንበኞች መዝገብ ሶፍትዌር ምን እንደሚመስል ሳያውቁ ቃለ መጠይቅ ከመግባት ያድናል።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ለውሉ «አልፈልግም» ብዬ መልሻለሁ። አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ሰሜን ቨርጂኒያ ካሉት ቦታዎች ብዙዎቹ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚሸጡ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት ገና የለኝም። ልተወው?

መልስ 1፦ ከሬስተን

ሁሉንም አይተዉት። ለመከላከያና ለደኅንነት ተቋማት የሚሸጡ አንዳንድ ቡድኖች ዜግነት፣ አልፎም የምስጢር ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ እዚያ ጊዜዎን አያባክኑ። ሆኖም ሕግ ወይም የመንግሥት ውል ካላስገደደ በስተቀር ቀጣሪ «ዜጋ ካልሆንክ» ብሎ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው መከልከል በአብዛኛው አይፈቀድለትም። እነዚሁ ኩባንያዎች ብዙ ጊዜ ለግል ድርጅቶች የሚሸጥ ሌላ ቡድን ስላላቸው፣ ሲያመለክቱ ርእሱ ላይ «ኮሜርሻል» የሚለውን ይምረጡ። የፌዴራል መንግሥቱ የበጀት ዓመት ሴፕቴምበር 30 ስለሚዘጋ ለመንግሥት የሚሸጡት ኃላፊዎች በዚያ ወር ውል በመዝጋት ይጠመዳሉ፤ በእነዚያ ሳምንታት መልስ ቢዘገይብዎ ከኦክቶበር መግቢያ በኋላ ደግመው ይጻፉላቸው።