«ሜላንኮሊ»ን በአማርኛ ምን ልበለው?

ተርጓሚዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ አጭር ልብ ወለድ ከእንግሊዝኛ እየመለስኩ ነው። አንዲት ባልቴት መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ዝናቡን ያዳምጣሉ። የልጅ ልጃቸው ምን እያሰቡ እንደሆነ ስትጠይቃቸው መልስ የለም፣ ፈገግ ብቻ ይላሉ። ደራሲው ያንን ፈገግታ «ሜላንኮሊ ስማይል» ይለዋል። «የድብርት ፈገግታ» ብዬ ጻፍኩና ለጓደኛዬ ባነብለት «ሴትዮዋ አሟቸዋል እንዴ?» አለኝ። መዝገበ ቃላቴ ደግሞ «ሐዘን፣ ትካዜ፣ ጭፍግግታ» ብሎ ደርድሮ ያልፋል። የትኛውን ልያዝ? ቃሉስ ስም ነው ቅጽል? አነባበቡን እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም፤ እስከ ዛሬ «ሜላንቾሊ» ስል ነው የኖርኩት።

ችኩሉ፦
ሐዘን ነው በቃ። ምን ያስጨንቃል?

የቃል ወዳጅ፦
ችኩሉ፣ በቃ አትበል እንጂ! ያዘነን ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ብትለው ይነግርሃል፤ ሰው ሞቶበታል፣ ወይ ተከድቷል። ሜላንኮሊ የያዘው ግን ብዙ ጊዜ «እንጃ» ነው የሚልህ። ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ይቆያል፣ እንባም ላያመጣ ይችላል። ሰውየውን ጭጭ አሰኝቶ ከሐሳብ ጋር ብቻውን ይተወዋል። ከእኛ ቃላት ለዚህ የሚቀርበው ትካዜ ነው። የተከዘ ሰው ሲባል ጉንጩን በእጁ አስደግፎ ሩቅ የሚያይ ሰው አይደል የሚታየን? ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬክት ዱረር በ1514 እ.ኤ.አ. «ሜሌንኮሊያ» የሚል ቃል ጽፎበት በቀረጸው ሥዕል ላይ ያለችው ባለ ክንፍ ሴትም አቀማመጧ ያው ነው፤ ራሷን በጡጫዋ ደግፋለች።

ሌላም አለ። ሜላንኮሊ ትንሽ ይጣፍጣል። ሆድ የሚያባባ ዜማ ሰምተን ደግመን የምንከፍተው ለምንድን ነው? እንግሊዞቹ «ሜላንኮሊ ሶንግ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ሐዘንን ግን ማን ደግሞ ይከፍታል?

«ድብርት» ላይ ጓደኛሽ ልክ ነው። በዛ ላይ ዛሬ «ደበረኝ» የሚል ወጣት «ሰለቸኝ» ማለቱ ነው።

መምህሩ፦
እህቴ፣ «ች» የለበትም። ከግሪክ የመጣ ቃል ስለሆነ እንደ «ኬሚስትሪ» በ«ክ» ይነበባል፤ «ሜ»ን ጫን ብለሽ ቀሪውን ለቀቅ አድርጊው።

ስምም ቅጽልም ይሆናል። «ሂ ፌልት ሜላንኮሊ» ሲባል ቅጽል ነው፤ «ኤ ዲፕ ሜላንኮሊ» ሲባል ስም። ተማሪዎቼን የሚጥላቸው መጨረሻው «ሊ» መሆኑ ነው፤ ተውሳከ ግስ ይመስላቸውና «ሺ ስማይልድ ሜላንኮሊ» ብለው ይጽፋሉ። እንዲህ አይባልም። «ሜላንኮሊክ» ደግሞ በአብዛኛው ቅጽል ሲሆን ለሰው ጠባይ ይስማማል፤ ተፈጥሮው ትካዜ የሚያበዛ ሰው ማለት ነው።

«ጭፍግግታ»ን ለ«ግሉሚ» ተይው። የጨፈገገ ሰማይ፣ ብርሃን የራቀው ክፍል፣ ፊቱን ያጨፈገገ ሰው፣ እነዚህ ግሉሚ ናቸው። ሜላንኮሊ ከዚያ ለስለስ ይላል።

ለዕለት ተዕለት ወሬም ከበድ ያለ ቃል ነው። እኔ በወጣትነቴ ከስብሰባ ለቀረሁበት የይቅርታ ደብዳቤ ላይ «አይ አም ሜላንኮሊ» ብዬ ጽፌ አለቃዬ ደህንነቴን ሊጠይቁ ደውለውልኛል። «ሶሪ» ይበቃ ነበር።

ነርሷ፦
ቃሉ በቁሙ «ጥቁር ሐሞት» ነው፤ በግሪክ ሜላስ ጥቁር፣ ኮሌ ሐሞት። የጥንት ሐኪሞች ሰውነት ደም፣ አክታ፣ ቢጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት እንዳለው ያስቡ ነበር፤ ጥቁሩ ሲበዛ ሰው ይተክዛል ይሉ ነበር። ታዲያ በቀጥታ እንዳትመልሺው። ለእኛ ሐሞት ወኔ ነው፤ «ሐሞተ ኮስታራ» ጀግና፣ «ሐሞቱ ፈሰሰ» ወኔው ከዳው። ባልቴቷን አርበኛ ታደርጊያቸዋለሽ።

በሕክምና ቃሉ ዛሬም አለ፤ ከከባድ ድባቴ አንዱን መልክ «ሜላንኮሊክ» እንለዋለን። በሽተኛው መልካም ዜና ሲሰማ እንኳ ስሜቱ አይነቃም፣ ሳይነጋ እንቅልፍ ጥሎት ይሄዳል፣ ከቀኑ ሁሉ ጠዋቱ ይብስበታል። ይህ ፈገግ ከሚሉት ትካዜ ጋር አይገናኝም፤ ይታከማል።

ተርጓሚዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! «በሐዘኔታ ፈገግ አሉ» ብልስ?

የቃል ወዳጅ፦
ተይ! ሐዘኔታ ለሌላ ሰው ማዘን ነው። አንባቢው ለልጅቷ ያዘኑላት ይመስለዋል። «ትካዜ ያጠላበት ፈገግታ» በይ።

ተርጓሚዋ፦
እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ «ባልቴቷ ፈገግ አሉ፤ ትካዜው ግን ከፊታቸው አልለቀቀም።» ችግሩ፣ ሁለት ገጽ አልፎ ደራሲው ዝናቡንም «ሜላንኮሊ ሬይን» ይለዋል። ዝናብ ይተክዛል?

መምህሩ፦
አይተክዝም፤ ያስተክዛል። እንግሊዝኛው ስሜቱን ለነገሩ ሰጥቶ ያልፋል፤ አንቺ ግን ሰሚው ላይ አሳርፊው።

ችኩሉ፦
«ሆድ የሚያባባ ዝናብ» በያት በቃ።

የቃል ወዳጅ፦
ችኩሉ ዛሬ ገና አገኘው።