የቅሬዎቻችን ፕሮግራም፦ ዕቅዱ ተጽፎ ይለቅ ወይስ ሥራው ይጀመር?

የቅሬ ጸሐፊ፣ ሸዋ በር

ጉዳዩ ይህ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ያለን አሥራ አንድ ቅሬዎች (ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው) ገንዘብ አዋጥተን የአባላት መዝገብ፣ የወር መዋጮና የድንኳን፣ የብረት ድስት፣ የሰሐን ውሰት የሚይዝ አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ለማሠራት ተስማምተናል። ሁለት ባለሙያዎች ቀርበዋል። አንደኛው «ሦስት ወር ስጡኝ፤ የምትፈልጉትን ሁሉ ጽፌ አስፈርማችኋለሁ፤ ከዚያ በፊት አንድ መስመር ኮድ አልጽፍም» ይላል። ሁለተኛው «በሁለት ሳምንት የሚሠራ ነገር አሳያችኋለሁ፤ ከዚያ እየሞከርን እናስተካክላለን» ይላል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ገንዘቡ ግን የጉልት ቸርቻሪዋም የባለ ሆቴሉም መዋጮ ስለሆነ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበን የምንወስነው ነገር አይደለም ብዬ እዚህ አቀረብኩት።

እኔ ከመጀመሪያው ባለሙያ ጋር ነኝ። የጥድፊያ ሥራን ቀምሰነዋል። የእኛ ቅሬ ከዚህ ቀደም ለአንድ ወጣት ከፍሎ በዐሥር ቀን ያማረ ነገር ተሠርቶለት ነበር። ክረምቱ ሲወጣ አንድ አባላችን ጳጉሜን 2 ቀን ዐረፉ። ቀኑን ላስገባ ብል ፕሮግራሙ የሚያውቀው አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው። ለቀብር እየቸኮልኩ ስለነበር መስከረም 2 ብዬ ሞላሁት። ወዲያው የሟቹ ስም በቀይ ተጽፎ መጣ፦ «የመስከረም ውዝፍ አለበት፤ ክፍያ አይፈቀድም»። ገና ያልገባ ወር ዕዳ! ዳኛችን፣ ማለትም የቅሬው መሪ፣ አሮጌውን ደብተር ገልጠው ገንዘቡን በዚያው ከሰዓት ባያስረክቡ ኖሮ፣ ሐዘንተኛ ፊት ኮምፒውተር ታቅፌ መቆሜ ነበር። ዕቅድ ቢኖር ይህ አይመጣም።

ኮድ ጸሐፊ፣ ኮምቦልቻ

ጋሼ፣ የደረሰብዎ ነገር ያሳፍራል፤ ምስክርነቱ ግን ለእኔ ነው። ያ ልጅ ሦስት ወር ሙሉ ሰነድ ቢጽፍ ጳጉሜን ሰነዱ ውስጥ ትገባ ነበር? ማን ይነግረዋል? እርስዎ ለአገሩ ልጅ «ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር አለው» ብለው ያስረዱታል? ሁሉም የሚያውቀው ነገር አይነገርም፤ ያልተነገረ ነገር ደግሞ አይጻፍም። ልጁ ያለቀለት የቀን መምረጫ ከውጭ አምጥቶ ለጠፈ፤ መምረጫው የሚያውቀው ደግሞ የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። ይህን የሚያወጣው ሙከራ ነው። የአምናውን ደብተር ከመስከረም እስከ ጳጉሜን አንድ በአንድ ቢያስገቡበት ኖሮ ሰው ሳይሞት ስህተቱ ይታይ ነበር። በነገራችን ላይ ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ቀን ትሆናለች። በ2015 ሆናለች፤ በ2019ም ትሆናለች። የሚመጣውን ፕሮግራም በዚህም ፈትኑት።

«መጀመሪያ ሁሉም ይጻፍ፣ ከዚያ ይነደፍ፣ ከዚያ ኮድ፣ ከዚያ ሙከራ» የሚለው አካሄድ ፏፏቴ የሚል ስም ወጥቶለት ኮሌጅ ውስጥ እንደ ቀኖና ይሰጣል። ምንጩ ነው የሚባለው ዊንስተን ሮይስ በ1970 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ጽሑፍ ነው። ሮይስ ግን የደረጃዎቹን ሥዕል ከሣለ በኋላ እንደዚህ ብቻ ከተሠራ አደገኛ ነው፣ ለውድቀት በር ይከፍታል ነው ያለው። ከዚህ በፊት ያልተሠራ ዓይነት ፕሮግራም ከሆነ ሁለት ጊዜ ሥሩት፣ ለደንበኛው የሚደርሰው ሁለተኛው ይሁን ብሎ መክሯል። ሰው ሥዕሉን ወሰደ፤ ማስጠንቀቂያውን እዚያው ተወው።

የሒሳብ መምህርት፣ ሆጤ

ወንድሜ፣ ሮይስን በግማሹ ጠቀስከው። ያው ሰው በዚያው ጽሑፍ ሰነድ በብዛት ይጻፍ፣ ሰነድ የሌለው ሥራ መምራት አይቻልም ብሎ አጥብቆ ተከራክሯል። አንተ የወደድከውን መርጠህ አነሣህ እንጂ።

«የሚሠራ ነገር ይዘን እንቀጥል» ለሚለው ደግሞ አንድ ታሪክ አለኝ። በ1996 እ.ኤ.አ. አርያን 5 የተባለችው የአውሮፓ ሮኬት ተተኩሳ ወደ 40 ሰከንድ ግድም ሲሆናት ፈነዳች። ጥፋተኛው ከአርያን 4 የተወሰደ፣ ለዓመታት ያለ ችግር የሠራ ኮድ ነበር። አዲሷ ሮኬት ከአሮጌዋ ይልቅ ወደ ጎን የምትፈጥን ስለነበረች ቁጥሩ ከተመደበለት ቦታ በላይ ሆነ። በዚያ ቦታ ከ32,767 በላይ አይጻፍም። ያ ገደብ ለአሮጌዋ ሮኬት በቂ ነው ተብሎ የታለፈ ነው፤ ለአዲሷም ይበቃ እንደሆነ ተቀምጦ የመረመረ አልነበረም።

ይህ ወደ እኛ ሲመጣ ምን ይመስላል? «አንድ አባል፣ አንድ ከፋይ» የሚል ሐሳብ ይመስላል። በእኛ ቅሬ ጅዳ ያለች አንዲት ልጅ ለእናቷ፣ ለአክስቷና ለአንዲት አቅመ ደካማ ጎረቤት የሦስቱንም መዋጮ በአንድ ጊዜ ትልካለች፤ አንዳንዴም የስድስት ወሩን አጠቃልላ። ዳታቤዙ፣ መረጃው ሁሉ የሚቀመጥበት መዝገብ ማለት ነው፣ ከፋይን ከአባል ለይቶ ካልተነደፈ በኋላ ማስተካከል ግድግዳ አፍርሶ መሠረት እንደ መቆፈር ነው። የገጹን ቀለም እየሞከርክ አስተካክል፤ መሠረቱን ግን አስቀድመህ አስብ።

ነጋዴ፣ ፒያሳ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ፕሮግራሙ ለምን አስፈለገ? የእኛ ቅሬ መቶ አርባ አባላት አሉት። ጥሩምባ ነፊ አለን፤ ደብተር አለን፤ ዳኛው ሁሉንም በስም ያውቃል። መብራት ሲጠፋ ደብተር አይጠፋም።

የቅሬ ጸሐፊ፣ ሸዋ በር

ደብተርም ይጠፋል ወንድሜ። በ2014 ከቤታችን ወጥተን በኅዳር መጨረሻ ስንመለስ የስንት ቅሬ መዝገብ ተገኘ? የእኛ የተረፈው ባለቤቴ ከዱቄት ጆንያ ሥር ስለደበቀችው ነው። የጎረቤታችን ቅሬ የዐሥራ አምስት ዓመት መዋጮን በሽማግሌ ትዝታ ነው እንደገና የጻፈው። ማን ምን ያህል ከፍሎ እንደነበር እስካሁን ይጣሉበታል።

ነጋዴ፣ ፒያሳ

እሱስ እውነት ነው። እንግዲያው ቅጂው ሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ ከሐረጎ በታች ኮምቦልቻ። ይህን ዕቅዱ ውስጥ ያላየሁ እንደሆነ አላዋጣም።

የቀድሞ ዳኛ፣ ቧንቧ ውሃ

ልጆቼ፣ እኔ ኮድ አላውቅም። ሃያ ዓመት ያህል በዳኝነት አገልግያለሁ። አንድ ነገር ልንገራችሁ።

በእኛ ደብተር አንዳንድ ስም ጎን በእርሳስ ትንሽ ነጥብ አለች። ያቺ ነጥብ ከእኔና ከገንዘብ ያዡ በቀር ትርጉሟን የሚያውቅ የለም። ይህ ሰው አጥቷል፣ አትጠይቁት፣ እንደከፈለ ይቆጠር ማለት ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው የሚቀበረው፤ ድህነቱም በአንድ ላይ ነው የሚሸፈነው። አሁን እነዚህ ሁለት ባለሙያዎች ሲመጡ ነጥቧን ማን ያስረዳቸዋል? ጸሐፊው አያውቃትም። ደንባችን ላይ የለችም። ሰነድ ሲጻፍ እኔ ተጠይቄ ዝም ብል ፕሮግራሙ ያንን ሰው በቀይ ይጽፈዋል። ብናገር ደግሞ «በነፃ የተያዙ» የሚል ዝርዝር ተሠርቶ አንድ ቀን ስብሰባ ላይ በግድግዳ ይታያል።

ኮድ ጸሐፊ፣ ኮምቦልቻ

አባቴ፣ ይህን ከማንም ሰምቼ አላውቅም። ነጥቧን ሁለት ሰው ብቻ እንዲያያት ማድረግ ይቻላል፤ በሪፖርቱም ላይ «የተከፈለ» ተብሎ ብቻ ይወጣል። ግን ልክ ነዎት፤ ካልነገሩኝ አላውቃትም ነበር።

የሕግ ተማሪ

ጉዳዩ የይሉኝታ ብቻ አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የአባላትን ስም፣ ስልክ፣ የቤተሰብ ዝርዝርና የመክፈል አቅም በአንድ ኮምፒውተር የሚያከማች ሰው ለመረጃው ኃላፊነት አለበት። ማን ምን ያያል የሚለው ጥያቄ ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ የሚለጠፍ ቁልፍ አይደለም።

የወረዳ መዝገብ ቤት ሠራተኛ

እናንተ ትልቁን ነገር ትከራከራላችሁ፤ እኔን በየቀኑ የሚያደክመኝ የስም ፍለጋ ነው። ኃይሉ የሚለውን ስም ሰው በ«ሀ»፣ በ«ሃ»፣ በ«ሐ»፣ በ«ሓ»፣ በ«ኀ»ም በ«ኃ»ም ይጽፈዋል። ስናነበው አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ስድስቱም የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው ስድስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሙሐመድን፣ ሙሃመድን፣ መሐመድንና መሀመድን ጨምሩበት። የተመዘገበው በአንዱ፣ የሚፈለገው በሌላው ከሆነ ፕሮግራሙ «እንዲህ ያለ አባል የለም» ይላል። በቀብር ቀን፣ ያውም ሥርዓቱ በሰዓታት ውስጥ መፈጸም ያለበት ሰው ሲሆን፣ «አባል የለም» ሲባል አስቡት።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ስሙ ባለቤቱ እንደጻፈው ይቀመጥ፤ ለፍለጋ ብቻ ግን ሞክሼ ፊደላቱ ሁሉ ወደ አንድ ይመለሱ። የቤተሰብ ስም የሚል ሳጥንም አያስፈልገንም፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይበቃል።

የኮምፒውተር ተማሪ፣ ኮምቦልቻ

ክፍል ውስጥ ደረጃዎቹን ሸምድደናል፦ ችግሩን መረዳት፣ መንደፍ፣ ኮድ መጻፍ፣ መፈተሽ፣ መጠገን። ለመለማመድ ብዬ የእናቴን ቅሬ አንድ ደንብ ወስጄ ኮድ ሳልነካ በወረቀት ላይ በአማርኛ ብቻ ደረጃ በደረጃ ልጽፈው ሞከርኩ። ደንቡ «ሦስት ወር ያልከፈለ አባል ከጥቅም ይታገዳል» ይላል። አጭር ነው፤ ግማሽ ገጽ አይፈጅም ብዬ ነበር።

አንዲት አባል እንውሰድ። የወሩ መዋጮ 50 ብር ነው። ጥቅምትን ዘለለች፤ በኅዳር 50 ብር ከፈለች፤ ታኅሣሥንና ጥርን ዘለለች። ትታገዳለች? ሦስት ወር በድምሩ ከሆነ አዎ። በተከታታይ ከሆነ፣ ያልከፈለችው ታኅሣሥና ጥር ሁለት ብቻ ስለሆኑ አትታገድም። ቆይ ግን፤ በኅዳር የከፈለችው 50 ብር የኅዳር ነው ወይስ የጥቅምት ውዝፍ? ገንዘብ ያዡ «ውዝፍ ይቀድማል» ብሎ ለጥቅምት ከያዘው ያልተከፈሉት ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ይሆናሉ። ሦስት፣ በተከታታይ። ታገደች! ያው ሴት፣ ያው ገንዘብ፣ ያው ደንብ።

እናቴን ጠየቅኳት፤ በተከታታይ ነው አለች። የቅሬውን ገንዘብ ያዥ ጠየቅኩ፤ በድምሩ ነው አሉ። ሁለቱም በቅሬው ውስጥ ሠላሳ ዓመት ቆይተዋል።

የሒሳብ መምህርት፣ ሆጤ

ይኸው! አሥራ አንድ ቅሬ፣ አሥራ አንድ ደንብ፣ ምናልባት ሃያ ሁለት አተረጓጎም። በሁለት ሳምንት የሚሠራ ነገር የሚያመጣው ሰው ከእነዚህ አንዱን ሳይጠይቅ መርጦ ኮድ ውስጥ ይቀብረዋል። ከዚያ በኋላ ደንባችንን የሚወስነው ጠቅላላ ጉባኤው ሳይሆን እሱ ነው፤ እኛ ደግሞ «ኮምፒውተሩ ነው ያለው» እያልን እንኖራለን።

ኮድ ጸሐፊ፣ ኮምቦልቻ

በዚህ ተረትቻለሁ፤ አልዋሽም። ገንዘብ የሚነካ ደንብ ሁሉ እንደዚህ ልጅ በምሳሌ ተጽፎ በጉባኤ ይጽደቅ። ለኮዱም መፈተኛ የሚሆነው እሱው ምሳሌ ነው።

ግን መምህርት፣ ይህ የሦስት ወር ሰነድ አይደለም። ልጁ ይህን ያገኘው በአንድ ማታ፣ አንድ ደንብ ይዞ ነው። የመጀመሪያው ባለሙያ የሚያመጣውን ሰነድ ዓይነት አውቀዋለሁ፤ ሰማንያ ገጽ፣ ግማሹ የሽፋን ቃል። የአሥራ አንዱ ቅሬ ዳኞች ሳያነቡ ይፈርማሉ፤ በኋላ ችግር ሲመጣ «ፈርማችኋል» ይባላሉ። የአንድ ቅሬ መዋጮ ብቻ ወስደን፣ ደንቡን ጽፈን፣ ሠርተን፣ የ2016ን ደብተር አስገብተን ድምሩ ከገንዘብ ያዡ ድምር ጋር በሳንቲም እኩል ካልመጣ አትክፈሉን።

ማንም ያላነሣው ነገርም አለ፤ ጥገና። ሠሪው ነገ አዲስ አበባ ሥራ ቢያገኝ ማን ያስተካክለዋል? ኮዱ ለቅሬዎቹ በእጅ ይሰጥ፤ የሁለት ዓመት ጥገና ዋጋው ከአሁኑ ይቆረጥ። ይህን ስጽፍ በራሴ የወደፊት ገቢ ላይ እየፈረድኩ መሆኔን ልብ በሉልኝ፤ ሁለተኛው ባለሙያ እኔ ነኝ።

ነጋዴ፣ ፒያሳ

ጠርጥሬ ነበር።

የሒሳብ መምህርት፣ ሆጤ

ቢያንስ ተናግሯል። እኔ ግን አልተለወጥኩም። ከፋይና አባል የሚለዩበት፣ የዳኛው ነጥብ የምትቀመጥበት፣ አሥራ አንዱም ቅሬ የሚስማማበት ንድፍ ተጽፎ ሳላይ ድምፄን አልሰጥም። የአንዱን ቅሬ ልክ ሠርቶ ለዐሥሩ ማስፋት ከአርያን 4 ወደ አርያን 5 መሄድ ነው።

የቅሬ ጸሐፊ፣ ሸዋ በር

እኔ ደግሞ በግማሽ ተለውጫለሁ። እሑድ ሁለቱም ባለሙያዎች እኔ ቤት ይምጡ። ደብተሩ ከቤት አይወጣም፤ እዚሁ ተቀምጠው ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያንብቡት። ቡና ይፈላል። የማይገባቸውን ምልክት ሁሉ ይጠይቁ፤ የቀድሞው ዳኛም ፈቃዳቸው ከሆነ ይገኙልን። አንብበው ከጨረሱ በኋላ ስንት ገጽ ሰነድ እንደሚያስፈልግ እነሱው ይንገሩን።

የሦስት ወሩ እገዳ ነገር ግን ለጉባኤ ይቅረብ። በእኔ በኩል በተከታታይ ነው።

የቀድሞ ዳኛ፣ ቧንቧ ውሃ

እመጣለሁ። በድምሩ ነው።