«ጨጎጊት ሆነብኝ» ሲባል

የአዳማዋ፦
ሰላም የቋንቋ ወዳጆች። ክረምቱ አልፎ ሣሩ ሲደርቅ ሰፈራችን ዳር ያለውን ባዶ ቦታ አቋርጦ የመጣ ሰው ሱሪው ሙሉ ጨጎጊት ነው። ውሻችንማ አይነሳ! ሰሞኑን አንዲት ጎረቤቴ የቤት ደላላ አስመርሯቸው «ሰውዬው ጨጎጊት ሆነብኝ» አሉ። እኔ የለመድኩት «መዥገር ሆነብኝ» ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው? ደግሞስ ጨጎጊት ይነቀላል፣ ይራገፋል ወይስ ይለቀማል? ልጄ «ነቀልኩት» ብትል አያቷ አረሟት።

ፊደል ቆጣሪ፦
እህቴ፣ አያቷ ልክ ናቸው። ጨጎጊት ይለቀማል።

አማርኛ ልብስና ገላ ላይ ለሚይዝ ነገር ሁሉ አንድ ግስ አይሰጥም። አያያዙን አይቶ ነው የሚመርጠው። እግር ውስጥ የገባ እሾህ ይነቀሳል። ለዚህ ወረንጦ አለ፣ ከጠፋም መርፌ። አቧራና ገለባ ይራገፋል። ሥር ያለው ደግሞ ይነቀላል፤ ጥርስም፣ አረምም። ጨጎጊት ሥሩ ልብሱ ላይ አይደለም። ሥጋ ውስጥም አልገባም። ብታራግፊውም ንቅንቅ አይልም። ቁጭ ብሎ እንደ ምስር አንድ በአንድ መልቀም ነው። ልጅሽ «ነቀልኩት» ስትል ተክሉን ከነሥሩ ያወጣች ነው የሚመስለው። እሱንም ብታደርግ እሰየው ነበር።

ወደ ደላላው ልምጣ። መዥገር ደም ይመጥጣል። «መዥገር ሆነብኝ» የተባለ ሰው የሚወስደው ነገር አለ፤ ገንዘብ ወይም እንጀራ። ጨጎጊት ከተሸካሚው ምንም አይወስድም። የሚፈልገው እግር ነው፤ ዘሩን ሌላ ቦታ የሚያደርስለት። ስለዚህ ጨጎጊት የሚባለው ሄድ ስትይ የሚከተል፣ ቁም ስትይው የማይሰማ፣ ግን ያን ያህል የማይጎዳ ሰው ነው። ጎረቤትሽ ራርተውለታል ማለት ነው። የኮሚሽኑ ነገር ሲመጣ ግን ወደ መዥገር ሊያሳድጉት ይችላሉ።

«ሙጥኝ አለ»ን ከዚህ ጋር የሚቀላቅሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ሙጥኝ የሚል ሰው ጥግ ፈልጎ ነው። ድሮ ሰው ገድሎ ወይም ንጉሥ ተቆጥቶት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሸሸ ሰው ሙጥኝ ይል ነበር። ቃሉ ልመና አለበት። ጨጎጊት ከማን ሸሽቶ ይለምናል? «ተጣባው» ደግሞ ለበሽታ፣ ለዛር፣ ለመጥፎ ልማድ ነው። ለደላላም ይሆናል ካላችሁ አልከራከርም።

አረም ነቃዩ፦
ፊደል ቆጣሪ ስለ ግሱ ጨርሶታል፤ እኔ ስለ ተክሉ ልጨምር። ጨጎጊት የአንድ ተክል ብቻ ስም አይደለም። ልብስ ላይ የሚሰካ ዘር ያላቸው በርከት ያሉ ተክሎች በዚህ ስም ይጠራሉ። ሱሪ ላይ የሚሰለፈው ጥቁርና ቀጭን ዘር ብዙ ጊዜ በሳይንሳዊ ስሙ ባይደንስ ፒሎሳ የሚባለው ተክል ነው። የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ሞቃት አካባቢዎች ነው። ባይደንስ በላቲን «ሁለት ጥርስ» ማለት ነው። ዘሩ ጫፉ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጥርስ አለው። እነሱም ላይ ወደ ኋላ የዞሩ ጥቃቅን እሾሆች አሉ። ሲገባ ቀላል፣ ሲወጣ ግን የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ። አደይ አበባም ባይደንስ ነው። መስከረም ላይ የምንዘፍንለትና ጥቅምት ላይ ከሱሪያችን የምንለቅመው የአንድ ወገን ልጆች ናቸው።

ሌላው ክብ ሆኖ በቆልማማ ጫፍ የሚይዘው ነው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ጆርጅ ደ ሜስትራል በ1941 (በፈረንጆች) ከአደን ሲመለስ ውሻው ፀጉር ላይ የዚህ ዓይነት ዘር ተጣብቆ አየ። እሱ ያየው በኛ አገር ያለውን ሳይሆን የአውሮፓ ተክል ነው። በማጉያ መነጽር ሲመረምረው ቆልማማ ጫፎቹን አገኘ። ጫማና ቦርሳ ላይ «ጭርር» ብሎ የሚላቀቀው ቬልክሮ ከዚያ ተወለደ። ስሙ ቬሎር እና ክሮሼ ከሚሉ የፈረንሳይኛ ቃላት የተገጠመ ነው። ክሮሼ ያው ኪሮሽ የምንለው ነው።

የወንጂ መንገድ ባለጋሪ፦
ልጆች፣ እኔ ፈረስ ይዤ ነው ያረጀሁት፤ ቃሉን ለእናንተ ልተው። እዚህ ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ መጠኔ ይሉታል። ተጣባቂ እንደማለት ነው።

ጋማና ጅራት ላይ የገባውን ክቡን ጨጎጊት ጎትታችሁ እንዳታወጡ። ፀጉሩ ይበጠሳል፣ ፈረሱም ይራገጣል። መጀመሪያ ዘይት ቀቡት። ከዚያ ፀጉሩን ከሥሩ በአንድ እጅ ያዝ፣ ጨጎጊቱን በፒንሳ ሰባበር፣ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ ማበጠር። መቀስ የመጨረሻው ነው። ለውሻም እንዲሁ ነው፤ የጣቶቹን መሃልና ጆሮውን ግን አትርሱ። ሣር ጆሮው ውስጥ ከገባ ራሳችሁ አትቆፍሩ፣ የእንስሳት ሐኪም ይየው።

ልብስ ከሆነ ሳይታጠብ። ደረቁን ጨርቅ ወጠር አድርጎ በቢላዋ ጀርባ መፋቅ ነው። ሹራብ ላይ ቢላዋ አይሆንም፣ ክሩን ይመዘዋል፤ እሱ በጣት ነው። የለቀማችሁትን ግቢ ውስጥ አትጣሉ፣ አቃጥሉት። ያለዚያ ለከርሞ ዘርታችሁ ነው የምትገቡት።

የአዳማዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዘይቱ ለውሻችን ሠርቷል። አንድ ልጠይቅ፦ የልጄን ሳይክል ጎማ የሚበሳውም ጨጎጊት ነው?

የወንጂ መንገድ ባለጋሪ፦
አይ፣ እሱ ኩርንችት ነው። መሬት ላይ ተኝቶ ነው የሚጠብቀው። ልብስ አይዘውም፣ የሚወደው ጎማና ባዶ እግር ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦
በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 በለስ የማይለቀምበት ኩርንችት! ጋሼ፣ እግር ላይ ሲገባስ ምን ይባላል፣ ይነቀሳል ወይስ ይለቀማል?

የወንጂ መንገድ ባለጋሪ፦
እኛ «ኡኡ!» ነው የምንለው። ከዚያ ይነቀሳል።