ዎርድ ጤና ሚኒስቴርን «ሄልዝ፣ ኤም. ኦ.» እያለብኝ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፌ ነገ ጠዋት ገቢ ነው!

ተመራቂዋ፦ እባካችሁ ቶሎ። «ሚኒስትሪ ኦፍ ሄልዝ» ብዬ አስገብቼ ሪፈረንሱ ላይ «ሄልዝ፣ ኤም. ኦ.» ብሎ ያወጣዋል። በእጄ ባስተካክለውም ተመልሶ ያው ነው። አድቫይዘሬ «ይሄ ማነው?» ብሎ በቀይ አክብቦ መልሶልኛል።

ዘ ጉለሌ፦ ዶክተር ሄልዝን አታውቂውም እንዴ? ትልቅ ምሁር ነው እኮ።

የኔታ፦ ልጄ፣ የዛሬ ተማሪ ሊንክ ለጥፎ ሪፈረንስ ሠራሁ ይላል። ድረ ገጽ ሲጠቀስ ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ርዕሱ ምንድን ነው፣ የት ይገኛል ተብሎ ነው። ከገጹ ግርጌ ያለው የኮፒራይት ዓመት የጽሑፉ ቀን አይደለም። ቀን ከሌለው «ኤን. ዲ.» (ቀን የለውም ማለት) ነው። ገጹን ያየሽበት ቀን መጻፉ እንደ ስታይሉ ነው፤ በአንዳንዱ ይዘቱ ለሚለዋወጥ ገጽ ብቻ ነው የሚጻፈው።

ተመራቂዋ፦ እሺ የኔታ፣ ግን ኤም. ኦ.ን እንዴት ላጥፋው?

ዳኒ፦ ዎርዱን ዘግተሽ ክፈቺው።

ሰላም፦ የሪፈረንስ ስታይሉ ምንድን ነው?

ተመራቂዋ፦ ኤፒኤ። ስንተኛው እትም እንደሆነ አልነገሩንም።

ከርሞ ጥጃ፦ መሥሪያ ቤቱን በሰው ስም ቦታ አስገብተሽው ነው። የመጨረሻውን ቃል የአባት ስም ብሎ ወደ ፊት አመጣው፣ ሌላውን አሳጠረው። «ማኔጅ ሶርስስ» ገብተሽ «ኤዲት» በይ። «ኮርፖሬት ኦተር» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች፤ እሷ ላይ ምልክት አድርጊና ስሙን እዚያ ጻፊ። ከዚያ የሪፈረንስ ዝርዝሩን ነክተሽ «አፕዴት»። በታደሰ ቁጥር ከሶርሱ እንደ አዲስ ስለሚጽፈው ነው የእጅሽ እርማት የሚጠፋው። የሐበሻ ስሞችንም እዪ፣ አበበ ከበደን «ከበደ፣ ኤ.» አድርጎት ይሆናል። በሙሉ ስም ይሁን ከተባልሽ ያቺው ሳጥን ትሠራለች።

ተሟጋች፦ ቆይ፣ ድረ ገጹን ለምን ትጠቅሻለሽ? ያወረድሽው ፒዲኤፍ ሪፖርት ከሆነ ሪፖርቱን ጥቀሺ፤ ርዕሱም ዓመቱም ሽፋኑ ላይ አለ። ዓመቱ በኛ አቆጣጠር ከሆነ ደግሞ ከፈረንጁ ጋር እንዳትቀላቅዪው። ሐምሌ 2012 ማለት 2020 ነው።

ተመራቂዋ፦ ፒዲኤፍ ነው መሰለኝ። መብራት ሄዷል፣ ባትሪው 9 ፐርሰንት ላይ ነው!!

ዳኒ፦ ዘግተሽ ክፈቺው አልኩ እኮ።

ሰላም፦ በ2019 (በፈረንጁ) በወጣው የኤፒኤ 7ኛው እትም ከሊንኩ በፊት የሚገባው «ሪትሪቭድ ፍሮም» ለአብዛኛው ገጽ ቀርቷል። ብዙ ዎርድ ላይ ያለው ግን 6ኛው ነው። ሁሉም ሲያልቅ ኮፒ አስቀምጪና ዝርዝሩን «ኮንቨርት ቱ ስታቲክ ቴክስት» (ወደ ተራ ጽሑፍ) አድርጊው፤ ከዚያ «ሪትሪቭድ ፍሮም»ን በእጅሽ ስታጠፊው አይመለስም። ከሊንኩ በኋላ ነጥብ የለም።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ ጣልቃ ልግባና፣ ቴሌግራም ቻናል ላይ ያገኘሁት ፒዲኤፍስ እንዴት ይጠቀሳል?

ሰላም፦ ቴሌግራሙ ያገኘህበት መንገድ እንጂ ምንጩ አይደለም። የፋይሉን የመጀመሪያ ገጾች ክፈትና ማን እንዳሳተመው እይ።