ለአማኑኤል ሐኪም ይጨመር ወይስ ታካሚው በየወረዳው ይታከም?

ክርክሩን የከፈተው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት አንድ ወንድማችን «የአማኑኤል ሆስፒታል ሐኪሞች በሥራ ብዛት እያለቁ ነው፣ ሌላው ሁሉ ቆይቶ መጀመሪያ እዚያ ስፔሻሊስት ይጨመር» ብሎ ነበር። ጭንቀቱ ይገባኛል። በመፍትሔው ግን አልስማማም። አማኑኤል ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ ሰው ከወለጋም ከጎጃምም ከባሌም ታማሚውን ይዞ እዚያው ይመጣል። ሐኪም በጨመርን ቁጥር ሰልፉም ይጨምራል። የተረጋጋና መድኃኒት ለማስቀጠል ብቻ የሚመጣ ሰው አቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ ይታይ። ስፔሻሊስቱ ለከበደው ይድረስ።

ሬዚደንቷ፦
ወንድሜ፣ ሲወራ ያምራል። እኔ ክልል ላይ ስፔሻሊስት ለመሆን የምሠለጥን ሐኪም ነኝ፣ እዚህም ያው ነው። አዲስ ታካሚ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቤተሰቡን ለብቻ ማነጋገር አለ፣ ራሱን ስለማጥፋት ያስብ እንደሆነ ቀስ ብሎ መጠየቅ አለ። ካርዱ ጠረጴዛ ላይ ተከምሮ ሳየው ግን «እንቅልፍ እንዴት ነው? መድኃኒቱን እየወሰድክ ነው?» ብዬ ያንኑ ደግሜ እጽፋለሁ። ማታ ዲዩቲ፣ ጠዋት መልሶ ተመላላሽ ክፍል። ግንቦት 2017 የጤና ባለሙያው አቤት ያለው በምቾት ብዛት አይደለም።

ክርክሩን የከፈተው፦
ዶክተር፣ ድካማችሁን አልካድኩም። ግን ስፔሻሊስት በአንድ ጀንበር አይገኝም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በፈረንጆቹ 2003 ሥልጠናውን እዚሁ እስኪጀምር ድረስ ሳይካትሪስት (የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪም) ለመሆን ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበር። ክልሎችን ለዓመታት የያዙት የሳይካትሪ ነርሶች ናቸው። ስለ ሐኪም እጥረት ስናወራ እነሱን የሚያነሳ የለም፣ ይሄ ያናድደኛል።

የታማሚ እህት፦
እኔ የምናገረው ስለደረሰብን ነው። ወንድሜ በየወሩ መርፌ ይወጋል። ሆስፒታሉ ወደ ወረዳችን ጤና ጣቢያ መለሰን፣ ደስ አለን፣ የትራንስፖርት ወጪው ቀረልን። የሠለጠነው ባለሙያ ጎበዝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ተዛወረ። ቀጥሎ መርፌው የለም፣ ከግል ፋርማሲ ግዙ ተባልን፤ እዚያም ጠፋ። ወንድሜ እንቅልፍ አጣ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፎ እናቴ ያቀረበችለትን ምግብ ተመርዟል ብሎ አልበላም አለ። ጸበል ወሰደችው። ጸበሉን አልቃወምም፣ ግን መድኃኒቱም አብሮ መቀጠል ነበረበት። አሁን ተመልሰን ሆስፒታል ነን። ወደ ወረዳ ሂዱ ከማለታችሁ በፊት መድኃኒቱን አስገቡ!

ክርክሩን የከፈተው፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። የሠለጠነው ሰው ሲዛወር ተተኪ ሳይዘጋጅ መልቀቅ የለባቸውም። መድኃኒቱም ሳይቋረጥ ይድረስ። ሁለቱ ካልተሟሉ ታካሚውን መመለስ ሳይሆን ማባረር ነው።

ሬዚደንቷ፦
በዚህ እስማማለሁ። ያ እስኪሆን ግን ዲዩቲ ያደረ ሰው በማግስቱ ይረፍ። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ያልከደነ ሐኪም ጠዋት ላይ «ይህ ልጅ ራሱን ይጎዳል ወይስ ወደ ቤቱ ይሂድ?» ብሎ መወሰን የለበትም።