ወንዱ ታስሮ ሴቷ «ተመክራ» ተለቀቀች፤ ሕጉ ይለያል እንዴ?

እህቱ ነኝ፣ ባሕር ዳር ሽምብጥ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ወንድሜና የአክስቴ ልጅ ሐይቅ ዳር ከተቀመጡ ሰዎች ስልክ አነሱ። አልክድም፣ አጥፍተዋል። እሱ 13 ዓመቱ ነው፣ እሷ 14። ስልኩን ያነሳችው እሷ ናት፣ እዚያው ጣቢያ ራሷ ተናግራለች። ፖሊሶቹ ግን እሷን «እሱ ነው ያሳሳተሽ፣ ሴት ልጅ እንዲህ አታደርግም» ብለው ቤት ሸኟት፣ እሱን በጥፊ መትተው ከትልልቅ ሰዎች ጋር አሳደሩት። ጠዋት ቁርስ ይዤ ስሄድ ከንፈሩ አብጧል። ስጠይቅ «ወንድ አይደል፣ ይቻለው» አሉኝ። እውነት ሕጉ እንዲህ ነው?

የሕግ ተማሪ፦
አይደለም እህቴ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሚያየው ዕድሜን እንጂ ፆታን አይደለም። 9 ዓመት ያልሞላው በወንጀል አይጠየቅም፣ ከ9 እስከ 15 ያለው ደግሞ ለብቻው በተቀመጠ ድንጋጌ ነው የሚታየው። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 172 ልጁ ወዲያው በአቅራቢያው ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ለወላጅ የሚያስረክበውም ፍርድ ቤቱ ነው። ከአዋቂ ጋር ማሰር ኢትዮጵያ የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 37ን ይጥሳል። ጥፊውማ በማንም ላይ አይፈቀድም። እብጠቱ ሳይጠፋ ጤና ጣቢያ ውሰጂውና ማስረጃ ያዢ፣ ከዚያ ለዐቃቤ ሕግ አመልክቺ።

ዓባይ ማዶ፦
ሴት ስለሆነች ተረፈች አትበሉ እባካችሁ። እኔ በ15 ዓመቴ ሰው ቤት እሠራ ነበር። አሠሪዬ ወርቅ ጠፋብኝ ብላ ከሰሰችኝ። ጣቢያ ስገባ ስለ ወርቁ ከመጠየቃቸው በፊት ወንድ አለሽ ወይ፣ ማታ የት ታመሻለሽ፣ ከማን ጋር ትወጫለሽ ነበር ያሉኝ። ቤተሰቦቼ ገጠር ናቸው፣ ዋስ የሚሆነኝ ሰው አልነበረም፣ ሦስት ቀን አደርኩ። ወርቁ የሴትዮዋ ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኘ። ይቅርታ ያለኝ የለም። የሚራሩት ለሴት ሳይሆን አባት ላላት ሴት ነው።

ጡረተኛ ነኝ፦
ልጆቼ፣ ብዙ ዓመት በፖሊስነት ሠርቻለሁ። እኔ በሠራሁበት ጣቢያ ሴት ልጅ የምታድርበት ክፍል አልነበረም፣ ማታ ተረኛ ሴት ፖሊስም ብዙ ጊዜ አትኖርም፣ አንድ ነገር ብትሆን ተጠያቂው አንተ ነህ፣ ስለዚህ መክረህ ትሸኛለህ። ወንዱን «ዛሬ ካልተቀጣ ነገ ይብሳል» እንላለን። እኔም ብያለሁ፣ መትቻለሁም። ከመታኋቸው የሊስትሮ ልጆች አንዱ እየተመላለሰ ይመጣ ነበር፣ በመጣ ቁጥር ይበልጥ ደንዝዞ። ልጅቷ ያመነችውን በጽሑፍ አለመያዛቸው ለእኔ ትልቁ ጥፋት ነው።

እህቱ ነኝ፦
ጋሼ፣ እውነቱን ስለነገሩን አመሰግናለሁ። ዓባይ ማዶ፣ አይዞሽ እህቴ። አንድ ያልነገርኳችሁ አለ። የአክስቴ ልጅ «ተመክራ» ቤት ስትገባ ታላቅ ወንድሟ በቀበቶ ገርፏታል፣ ጀርባዋን ዛሬ ነው ያየሁት። ነገ ሁለቱንም ጤና ጣቢያ እወስዳለሁ። ከዚያ ዐቃቤ ሕግ ጋ እንሄዳለን፣ እሷም ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ ብላ ለመናገር ቆርጣለች።